ሶስት ሞተር፣ አንድ ጅራት፦ እቤት ስለሚሰራ ትንሽ ድሮን ለደወላችሁልን

እሁድ ማታ በአድማጮች ሰዓት ትራይኮፕተር፣ ማለትም ባለ ሶስት ሞተር ትንሽ ድሮን እቤት ስለመስራት አውርተን ነበር፣ ስልኩ ማባሪያ አጣ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ መስመር ላይ እየጠበቁ የቀሩም ነበሩ። ስለዚህ በአየር ላይ የመለስኩትንም በጥድፊያ ያለፍኩትንም እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። አብዛኞቻችሁ ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ናችሁ፣ ከሀገር ቤትም የደወለ አለ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወለ ወንድም፦ «ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ ክረምቱን አብረን አንድ ነገር እንስራ ብለን ተነሳን። ሰው ሁሉ ሚሰራው ባለ አራት ሞተሩን ነው፣ አንተ ለምን ሶስት ትላለህ? ሶስት ሲሆን ዋጋውስ አይቀንስም?»

ዋጋው ብዙም አይቀንስም ወንድሜ። አንድ ሞተርና አንድ ኢኤስሲ (የሞተሩን ፍጥነት ሚቆጣጠረው ትንሿ ሰርኪት) ይቀርልሃል ግን በምትኩ ሰርቮ (በታዘዘው ልክ ወደ ጎን ሚያዘነብል ትንሽ ሞተር) ትገዛለህ፣ ጅራቱ ላይ ማጠፊያ ትሰራለህ፣ ስለዚህ እኩል ነው በለው። ቶሎ እንዲበር ብቻ ከሆነ ፍላጎትህ አራቱን ስራ፣ ይቀላል። ልጅህ ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ በዓይኑ እንዲያይ ከፈለግክ ግን ሶስቱን ስራ፣ እኔ ልቤ ያለው እዚህ ነው። ድሪል ይዘህ ድንገት ስትጫነው እጅህ ወደ ተቃራኒው ሲጠመዘዝ ታውቃለህ አይደል? ፕሮፔለርም እንደዛው ነው፣ እሱ ወደ አንድ ጎን ሲዞር አካሉ ወደ ሌላው መዞር ይፈልጋል። አራት ሲሆኑ ሁለቱ ወዲህ ሁለቱ ወዲያ ይዞሩና ይጣፋሉ። ሶስት ሲሆኑ የፊተኞቹን ሁለቱን አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ብታዞራቸውም የኋላው ብቻውን ይቀራል፣ ሚያጣፋው የለም። ስለዚህ የኋላውን ሞተር ሰርቮ ላይ ትሰቅለውና ትንሽ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ በማዘንበሉ ጅራቱን እየገፋ አካሉን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ስትፈልግም ያዞርልሃል። ልጅህ ይሄን ጅራት ሲወዛወዝ ሲያይ በመጽሐፍ ሚማረው ፊዚክስ ይገባዋል። ባለ አራቱ ላይ ይሄ ሁሉ ነገር ሶፍትዌር ውስጥ ነው ሚሆነው፣ ሚታይ ነገር የለም።

ክንዶቹን ደሞ ከእንጨት አድርገው። ስዊድናዊው ዴቪድ ዊንደስታል ትራይኮፕተርን በሰው ዘንድ ያስወደደው በእንጨት ክንድና በዚፕ ታይ (በፕላስቲክ ማሰሪያ) ነው። ሃርድዌር ሱቅ 10 ሚሊሜትር በ10 ሚሊሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ትገዛለህ፣ ቋጠሮ የሌለበትን ምረጥ። ሲወድቅ ዚፕ ታዩ ይበጠሳል ወይ እንጨቱ ይሰበራል፣ ሞተሩ ግን ይተርፋል።

ከአሌክሳንድሪያ የደወለች እህት፦ «እኔ ሰርቼ ጨርሻለሁ። ችግሩ ገና ከሳሩ ላይ ብድግ ሲል እንደ እንዝርት ይሾርና ይገለበጣል። ሶስት ጊዜ ፕሮፔለር ቀየርኩ፣ ሰፈራችን ያለው ፓርክ ውስጥ ነው ምሞክረው፣ ተስፋ ልቆርጥ ነው።»

እህቴ ተስፋ አትቁረጪ፣ የነገርሽኝ ምልክት ጥርት ያለ ነው፣ አዲስ የሰሩ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ቀን ያገኛቸዋል። ጅራትሽ ተገልብጦ ነው ሚሰራው። ፍላይት ኮንትሮለሩ (የድሮኑ አንጎል የሆነችው ሰርኪት) ላይ ያለው ጋይሮ፣ ማለትም መዞርን ሚለካው ሴንሰር፣ አካሉ እየዞረ መሆኑን ያውቃል፣ ላስተካክል ብሎ ሰርቮውን ያዛል፣ ሰርቮው ግን በተቃራኒው ስለተቀመጠ ጭራሽ ያባብሰዋል፣ ሲያባብሰው ደሞ የበለጠ ያዛል፣ በሰከንድ ውስጥ ይሾራል።

አሁን እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ሶስቱንም ፕሮፔለር ፍቺ፣ በዚህ ድርድር የለም። ባትሪ አገናኚ። ድሮኑን አፍንጫው ወደፊት፣ ጅራቱ ወዳንቺ ሆኖ በሁለት እጅሽ ያዥና አፍንጫውን በፍጥነት ወደ ቀኝ አዙሪው። አፍንጫው ወደ ቀኝ ሲሄድ ጅራቱ ወደ ግራ ይሄዳል አይደል? እንግዲህ የጅራቱ ሞተር አናቱን ወደ ቀኝ መጣል አለበት፣ ጅራቱን ወደነበረበት ሊገፋ ማለት ነው። ወደ ግራ ከጣለ ችግርሽ እሱ ነው፣ ቤታፍላይት (የኮንትሮለሩ ሶፍትዌር) ውስጥ ገብተሽ የሰርቮውን አቅጣጫ ገልብጪውና እንደገና በእጅሽ ሞክሪ። ሞተር ሳይነሳ ሰርቮው ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ አትደንግጪ፣ ሞተር ሳይነሳም ሰርቮው እንዲሰራ ሚያደርግ ሴቲንግ አለ፣ እሱን አብሪው። ደሞ አዲሱን ቤታፍላይት ስትጭኚ ሰርቮ ሚለውን አማራጭ ካልመረጥሽ ሶፍትዌሩ ያለ ሰርቮ ነው ሚመጣልሽ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ቀን ያጠፋል።

አንድ ነገር እንዳታምታቺ፣ ጋይሮው ሚያዘው ማስተካከያና በሪሞት ምታዢው መዞር የተለያዩ ናቸው። ሪሞቱን ወደ ቀኝ ስትገፊ አፍንጫው ወደ ግራ ሊዞር ከሆነ ሪሞቱ ላይ ቻናሉን ትገለብጫለሽ። ጋይሮው ከተሳሳተ ግን ሪሞቱ ላይ ምንም ብትነካኪ አይድንም። ሰው ሪሞቱን ገልብጦ «አስተካከልኩት» ብሎ ይወጣና በሚቀጥለው ቀን ያው ሽክርክሪት ይገጥመዋል።

ሌላው ያሳሰበኝ ነገር ፓርክ ያልሽው ነው፣ እሱን ቀጣዩ ጥያቄ ላይ አንብቢልኝ።

ስማቸውን ያልነገሩን አንድ አባት፦ «የልጅ ልጄ አንድ እየሰራ ነው። ከ250 ግራም በታች ከሆነ ምዝገባም ፈቃድም አይጠይቅም፣ የትም ይበራል ይለኛል። እውነት ነው?»

ጋሼ፣ ግማሹ እውነት ነው። ለመዝናኛ ብቻ ሚበር ከሆነና ባትሪውን ጨምሮ ሲነሳ ከ250 ግራም በታች ከመዘነ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለስልጣን) ጋር መመዝገብ የለበትም። ካለፈ ይመዘገባል፣ ክፍያው ለ3 ዓመት 5 ዶላር ነው፣ ሪሞት አይዲ ሚባለው መለያ ሚያሰራጭ እቃም ያስፈልገዋል። ትረስት ሚባለው ነፃ የኦንላይን ፈተና ግን ክብደት አይመርጥም፣ የልጅ ልጅዎ መውሰድ አለበት፣ ቀላል ነው አይፍሩለት። ከፍታውም ከ400 ጫማ አያልፍም፣ ከዓይንም አይጠፋም።

«የትም» ያለው ግን ስህተት ነው፣ በተለይ እኛ አካባቢ። ሬገን ኤርፖርትን መሃል አድርጎ ወደ 15 ማይል ገደማ ዙሪያው ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማይበርበት ክልል ነው፣ ክብደቱ 249 ግራምም ይሁን 50 ግራም ለውጥ የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ እዛ ውስጥ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ውስጡ ነው፣ አርሊንግተንም እንደዛው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ደግሞ ይቻላል፣ ግን ደንቡን አንብቦ ነው። ይሄን ምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፣ ቅጣቱ ከባድ ስለሆነና በተለይ ወረቀቱ ገና ያላለቀለት ሰው ከፖሊስ ጋር በማያውቀው ነገር እንዲገናኝ ስለማልፈልግ ነው። ጣራ ያለው ቤት ውስጥ ማብረር አይከለከልም፣ የትምህርት ቤት ጂም ወይ የቤተክርስቲያን አዳራሽ ባዶ በሆነበት ሰዓት አስፈቅዶ መሞከር ይቻላል፣ ለትንሽ ትራይኮፕተር እንደውም ንፋስ ስለሌለው ይሻላል።

ራይድ ሚሰራ ወንድም፣ መኪና ውስጥ ሆኖ የደወለ፦ «ሁሉን አገናኝቼ ባትሪውን ስሰካው ጭስ ወጣ፣ ፍላይት ኮንትሮለሩ ተቃጠለ። አዲስ አዝዣለሁ፣ ደግሞ እንዳላቃጥል ፈራሁ።»

መኪና ስላለህ መፍትሄው እጅህ ላይ ነው። የመኪና የኋላ መብራት አምፖል፣ ባለ 12 ቮልቱን 21 ዋት ምናምን ሚሆነውን ፈልግ። ከባትሪው ወደ ድሮኑ ሚሄደውን ቀዩን ገመድ ቆርጠህ ሳይሆን፣ አንድ ትርፍ ወንዴና ሴቴ ሶኬት ገዝተህ መሃላቸው ላይ ቀዩ መስመር በአምፖሉ ውስጥ እንዲያልፍ አድርገህ ሶልደር አድርገው። በዛ በኩል ባትሪውን ስትሰካ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ወይም ድንግዝግዝ ካለ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው፣ ንቀለው፣ ምንም አልተቃጠለም ምክንያቱም አምፖሉ ከረንቱን ይዞልሃል። ሞተር ግን በአምፖሉ በኩል አታስነሳ፣ ለፍተሻ ብቻ ነው። ሶልደርህንም እየው፣ ጥሩው ያብረቀርቃል፣ ገመዱን አቅፎ ይቀመጣል፣ ግራጫ ሆኖ እንደ ጠብታ የተጠቀለለ ካየህ አልያዘም።

ከባልቲሞር፦ «ይበራል፣ ግን ጅራቱ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል፣ አንዳንዴ ደሞ ሪሞቱን በኃይል ወደ ጎን ስገፋ ባንዴ ሁሉም ይጠፋና ይወድቃል።»

ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ውዝዋዜው ብዙ ጊዜ ከማጠፊያው ነው፣ የጅራቱን ሞተር በጣቶችህ ይዘህ ነቅነቅ አድርገው፣ ሰርቮው ሳይንቀሳቀስ ሞተሩ ከተንቀሳቀሰ ልል ነው፣ ሴቲንግ ብትነካካ አይረዳህም መጀመሪያ እሱን አጥብቅ። የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ርካሽ ሰርቮ ከሆነ በብረት ጥርሱ ቀይረው። ከዛ በኋላም ከተወዛወዘ ቤታፍላይት ውስጥ ያው ፒ ሚባለውን ቁጥር (መዞርን ምን ያህል በኃይል እንደሚያስተካክል ሚወስነውን) ቀንስ። ሰርቮህ አናሎግ ከሆነ ፍሪኩዌንሲውን (በሰከንድ ስንት ጊዜ ትዕዛዝ እንደሚደርሰው) 50 ኸርዝ ላይ ተው፣ ለዲጂታሎቹ ሚሆነውን 333 ብትሰጠው ያቃጥለዋል።

ባንዴ መጥፋቱ ግን ይበልጥ ያስፈራል። ሰርቮው በኃይል ሲሰራ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ከፍላይት ኮንትሮለሩ ጋር አንድ 5 ቮልት ከተጋሩ ቮልቴጁ ይወርድና ኮንትሮለሩ ሪስታርት ያደርጋል፣ አየር ላይ ሪስታርት ማለት መውደቅ ነው። ፕሮፔለሩን ፈተህ ጅራቱን ወዲህ ወዲያ በፍጥነት አንቀሳቅስና የኮንትሮለሩን መብራት እይ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይ ከጠፋ ለሰርቮው የራሱ ባለ 5 ቮልት ቤክ (የባትሪውን ቮልቴጅ ሚያወርድ ትንሽ ሰርኪት) ስጠው።

ብዙዎች የጠየቁት፦ «የመጀመሪያው በረራ እንዴት ይሁን?»

ይሄን ስመልስ የእህቴ ልጅ እጅ ነው ትዝ ሚለኝ። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነበርን፣ የሞተር አቅጣጫ እየፈተሽን፣ «አንድ ሰከንድ ነው» ብዬ ፕሮፔለር ሳልፈታ ባትሪ ሰካሁ። ሞተሩ ተነሳ፣ ድሮኑ ተንሸራተተ፣ ልጁ እንዳይወድቅ ብሎ እጁን ዘረጋ። 5 ኢንች ፕላስቲክ ነው፣ ሁለት ጣቱን እስከ አጥንቱ ከፈተው፣ 7 ስፌት። ጠባሳው ዛሬም አለ፣ ባየሁት ቁጥር ያመኛል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ባትሪና ፕሮፔለር ባንድ ላይ አይሁኑ፣ ፕሮፔለር ሚገጠመው ሜዳው ላይ ነው።

ከቤት ሳትወጡ ሪሞቱን አጥፉትና ሞተሩ መቆሙን እዩ፣ ካልቆመ ፌልሴፉ (ሪሞቱ ሲቋረጥ ሞተሩን ሚያቆመው ጥበቃ) አልተሰራም። ሚዛኑንም እዩ፣ ሶስቱ ክንድ እኩል ከሆኑ መሃሉን በሁለት ጣት ስታነሱት ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ ሰርቮው ጅራቱን ስለሚያከብደው ባትሪውን ወደፊት ገፋ ታደርጉታላችሁ። ሜዳው ላይ አጭር ሳር ምረጡ፣ ረጅም ሳር ፕሮፔለሩን ይይዝና ሳይነሳ ይገለብጠዋል፣ ካርቶን ወይ ጣውላ አንጥፉለት። ጅራቱ ወደናንተ፣ እናንተ 5 ሜትር ከኋላ።

ለሞተሮቹ ጉልበት ስትሰጡ አትፍሩ። ሰው ፈርቶ ትንሽ ትንሽ እየሰጠ መሬት ላይ ሲያንቀረፍፈው ኮንትሮለሩ «እያዘዝኩ አይስተካከልም» ብሎ ማስተካከያውን ያጠራቅማል፣ ሲነሳ ባንዴ ይገለብጠዋል። ቀስ ብሎም በጭካኔም ሳይሆን ቆረጥ አድርጋችሁ አንድ ሜትር ላይ አውጡት፣ መሬት አጠገብ የራሱ ንፋስ ተመልሶ ያናውጠዋል። አስር ሰከንድ አንሳፉት፣ አውርዱት፣ ሞተሮቹን በእጃችሁ ንኩ፣ ለብ ማለት ደህና ነው፣ ሚያቃጥል ከሆነ ፕሮፔለሩ በዝቶበታል ወይ የሆነ ነገር እየተንቀጠቀጠ ነው። ባትሪው ባንድ ሴል 3.5 ቮልት ሲደርስ ውረዱ። ለሳምንት ምታስቀምጡት ከሆነ ሙሉ አድርጋችሁ ሳይሆን 3.8 ላይ፣ ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ደግሞ «ትንሽ ነው ያበጠው» ብላችሁ አትሰኩት።

ከአዲስ አበባ የደወለ ተማሪ፦ «እዚህ ሰርተን ቪዲዮው ላይ ካየነው ያነሰ ጉልበት ነው ያለው፣ ሞተሩ አንድ አይነት ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ ሌላ እቃ ይዞልኝ ሊመጣ ነው።»

ሞተራችሁ ምንም አልሆነም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ጠለል አንጻር ወደ 20 በመቶ የሳሳ ነው፣ ፕሮፔለር ደሞ ሚገፋው አየር ነው። ሻጩ አንዱ ሞተር 300 ግራም ይገፋል ካለ ሶስቱ 900 ነው፣ እናንተ ጋ ግን ወደ 700 ምናምን ነው ምታሰሉት። በሳሳ አየር ሞተሩ ትንሽ ፈጠን ብሎ ስለሚዞር የተወሰነውን ይመልሰዋል፣ ሁሉን ግን አይመልስም። ድሮኑ ሙሉ ክብደቱ ከግፊቱ ግማሽ እንዳያልፍ ነው ሚፈለገው፣ ስለዚህ 350 ግራም አካባቢ ላይ አቁሙት፣ ካልሆነ ፒቹ (የምላጩ ማዘንበል) ከፍ ያለ ፕሮፔለር ሞክሩና የሞተሩን ሙቀት ተከታተሉ።

ወንድምህን ግን ትኬት ሳይቆርጥ ንገረው። ድሮን ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዘዋል፣ ፈቃዱ ከኢንሳ (ከመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር) ነው፣ ተነጣጥሎ እቃ በእቃ ቢመጣም ቀድሞ ጠይቆ በወረቀት ይዞ ይምጣ። ባትሪውን ሻንጣ ውስጥ አስገብቶ እንዳይልክ፣ በእጅ ቦርሳ ነው ሚያዘው፣ ባለ ሶስት ሴሉ 1300 ሚሊአምፕ-ሰዓት ባትሪ 14 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከ100ው ገደብ በጣም ያነሰ ነው። የሶኬቶቹን ጫፍ በፕላስተር ያሽገው፣ ባትሪዎቹንም ለየብቻ በላስቲክ።