ሰባት ከአርባ

እሺ፣ ሰላም ናችሁ። ጄኔሬተሩ ተሰማችሁ አይደል? አዎ፣ አሁንም አለ። ስለ እሱ መልእክት አትላኩልኝ፣ በቃ የፕሮግራሙ አባል ሆኗል።

ስለ ኮምቦልቻው ነገር ላውራ። ሐጂ መጋዘን ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የዱቤ መዝገብ ተሰርዞ ባዶ የሆነ ዕለት፣ መልሰው ተብዬ የሄድኩበት። ባለፈው ስቄ አልፌው ነበር። አላለፈልኝም።

ሥራው ራሱ ከባድ አልነበረም። ስናፕሾቱ፣ ማለትም ዲስኩ በአንድ ቅጽበት እንዳለ የተያዘበት ቅጂ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቷል። ዳታቤዙን የሚይዘው ፕሮግራም ኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ነው፤ እሱ ላይ መጻፉን ለቅጽበት ታግደዋለህ፣ የዲስኩን ቅጂ ታነሳለህ፣ ትለቀዋለህ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ ያለው ሎጉ ውስጥ ነው፣ እያንዳንዱ ለውጥ በተራ የሚጻፍበት ፋይል። መጀመሪያ የሎጉን ጭራ፣ ገና ኮፒ ያልተደረገችውን የመጨረሻ ክፍል፣ አወጣሁ። ሎጎቹ ሌላ ዲስክ ላይ ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። እዚያው ቢሆኑ ስናፕሾቱ ሲመለስ እነሱንም ጠራርጎ ይወስዳቸው ነበር። ከዚያ ስናፕሾቱን በኖሪከቨሪ መለስኩ፣ ዳታቤዙ ሳይከፈት ሎጎቹን እንዲጠብቅ ማለት ነው። ስክሪኑ «ሪስቶሪንግ» ብሎ ቁጭ አለ።

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። ዳታቤዙን አሁን ከከፈትከው ሌላ ሎግ አይቀበልህም። ከሀ መጀመር ነው። ሐጂ ደግሞ ከኋላዬ ቆመው «ይከፈት እንጂ ልጄ፣ ሰው ቆሟል!» ይላሉ። «አብሽሩ ሐጂ» እላለሁ። ላብ በላብ ሆኛለሁ። እኔ እኮ ጠዋት ከደሴ ጃኬት ለብሼ ነው የወጣሁት። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፣ ሹፌሩ በአንድ እጁ ስልክ… አይ፣ ይሄ ሌላ ቀን ይሁን። ጃኬቱም እዚያው ቀርቷል።

እና ጠየቅኩ። ሎጎቹን በተራ ጭኜ ስንት ሰዓት ላይ ላቁማቸው? ዱቤው የተሰረዘባት ደቂቃ ከመድረሷ በፊት መቆም አለብኝ። ካለፍኩ ስረዛውንም መልሼ እጭነዋለሁ። አንዱ «ከጁምአ መልስ ነው» አለ። ሌላው «ኧረ ቡና ከመጣ በኋላ ነው» አለ። ሐጂ «ከሰዓት ነው» አሉ።

ካሸር ላይ ያለችው ልጅ ቀና አላለችም። ደረሰኝ እየደረደረች ነው። ዝም ብላ፣ ቀስ ብላ፣ «ከ7 ከ40 በፊት አርገው» አለችኝ።

ሰርቨሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። 13:39 ብዬ ጻፍኩ። ከፈትኩት። ዱቤው አንድ ሳይቀር አለ። በኋላ ሎጉን ሳየው ስረዛው 13:40 ላይ ነው።

እንዴት አወቀች?

ሰዓት አይታ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ባዶ ሲሆን ያየችው እሷ ትሆናለች፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ሰዓት ያያል። ወይ በስህተት ነክታው ይሆናል፣ ፈርታ ይሆናል። የዱቤ መዝገብ ነው እንግዲህ፣ ስንት ሰው ስሙ ቢጠፋለት ደስ እንደሚለው… አይ። ክፉ አላስብም። ሰው ለመደበቅ የሚፈልገውን ደቂቃ ለምን ይናገራል?

ሐጂ «ማን እንደሰረዘው ያሳያል?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ሁላችሁም በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ ነው የምትገቡት፣ ሎጉም የሚያሳየው ያንን ነው። ልጅቷን አላየኋትም። ሆን ብዬ ነው ያላየኋት መሰለኝ።

ከ13:39 በኋላ የተመዘገበው ሽያጭ በሙሉ ሄዷል። ጎን ለጎን ሌላ ኮፒ ከፍቶ ዱቤውን ብቻ መቅዳት ይሻል ነበር፣ ግን ዲስኩ ሞልቷል። ልጅቷ ማንም ሳያዛት የሄደውን ሽያጭ ከደረሰኞቹ እያየች መልሳ መጻፍ ጀመረች። ለካ ሲደረደሩ የነበሩት እነሱ ናቸው። ይሄ ጥሩነት ነው? ወይስ… እኔ እንጃ።

አሁን ለየሰው የራሱን ፓስወርድ እየሰጠሁ ነው። ልክ ነው፣ ድሮም መሆን ነበረበት። ተራዋ ሲደርስ «የድሮውም ይታያል እንዴ?» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ያለው ብቻ ነው» አልኳት። «እሺ» አለች። እሺ ስትል ግን… ቆይ፣ ለምን ጠየቀችኝ? ማንም ሌላ ሰው እኮ አልጠየቀኝም። ወይ ደግሞ እኔ ነኝ ነገሩን… ተዉት እስቲ።