ማርያም ናት፣ ሐሙስ ናት፣ ወሩስ?

እሱ፦ እሺ፣ ዛሬ የምናወራው የድሮ የውትድርና ሰነድ ስንመዘግብ ቀኑ የጠፋውን ምን እናድርገው የሚለውን ነው። አንቺ ግን መጀመሪያ የእማማን ታሪክ ካልነገርኩህ ብለሻል።

እሷ፦ ካልነገርኩህማ አይሆንም! የአባባን ወረቀቶች ኮምፒውተር ላይ እያስገባሁ ነው። የቃኘው ሻለቃ ጦር አባል ነበር፤ በሚያዝያ 1943 ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ኮሪያ ከተጓዘው ከመጀመሪያው ዙር። አንዱ ወረቀት የተመለሰበትን ይናገራል፤ ግን እጥፋቱ ላይ ተበልቷል። የሚነበበው «1944» ብቻ ነው።

እሱ፦ ቀንም ወርም የለ?

እሷ፦ የለም። እማማን ጠየቅኳት። እማማ ደግሞ ቀን በቁጥር ጠርታ አታውቅም። ልጅ ሲወለድ ሚካኤል፣ ላም ስትሸጥ ባታ፣ አጎቴ ሲዳር በዓለ ወልድ።

እሱ፦ የኔም እናት እንደዚያው ናቸው። የተወለድኩት «በገብርኤል ማግስት» ነው፤ አለቀ።

እሷ፦ አየህ! «አባባ ከኮሪያ መጥቶ ቤት የገባው መቼ ነው?» ስላት «ማርያም ናት፣ ሐሙስ ናት፣ ቡና አቅርቤ ነበር» አለች። ከዚያ ማን ማን ቡናው ላይ እንደነበረ፣ ማን እልል እንዳለ፣ የቱ ጎረቤት ሮጦ እንደተቀበለው... አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ።

እሱ፦ እሳቸው ይህን ሁሉ ይዘው ወሩን ረሱት?

እሷ፦ ወሩ አልመጣላትም። ግን ስማኝ፣ የሰጠችኝ ይበቃል! ማርያም በ21 ናት። የኛ ወር ደግሞ ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30 ቀን ነው። ስለዚህ 21 የሚውልበት ዕለት በየወሩ ሁለት ሁለት ይገፋል። በ1944 መስከረም 21 ማክሰኞ ዋለ፤ ጥቅምት ሐሙስ፣ ኅዳር ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ሰኞ...

እሱ፦ ቆይ፣ ቆይ። ጥቅምት ሐሙስ ከሆነ አለቀ አይደል?

እሷ፦ አላለቀም፣ ከሰባት ወር በኋላ ዞሮ ይመጣል። ጥቅምትና ግንቦት፣ ሁለቱም ሐሙስ። ሌላ ወር የለም። በጥቅምት የመጀመሪያው ቃኘው ገና ኮሪያ ነው፤ ሁለተኛው ቃኘው የተካው ከዚያ በኋላ ነው። ግንቦት 21 ሆነ ማለት ነው! በፈረንጅ ሜይ 29፣ 1952።

እሱ፦ ኧረ ጉድ!

እሷ፦ ደውዬ «የግንቦቷ ማርያም፣ ደብረ ምጥማቅ ናት እንዴ?» ስላት «ታዲያ የቷ ማርያም መስላሽ ነው?» አትለኝም!

እሱ፦ (ሳቅ) እማማ ይኑሩልን። እስቲ በዓድዋ ሞክሪው።

እሷ፦ ሞክሬዋለሁ። ጊዮርጊስ፣ እሑድ፣ 1888 ብቻ ብትሰጠኝ ከየካቲት ሌላ ወር አይወጣም። የካቲትና መጋቢት አምሳያ ወር የላቸውም፤ በዓመቱ ውስጥ ዕለታቸው አይደገምም። ደግሞ ሌላ ነገር፦ ያን ጊዜ የካቲት 23 ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ ማርች 2 ነው። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ስላላደረጉት አንድ ቀን ተንሸራተተ። በዛሬው ስሌት የዓድዋን ዘመን ሰነድ የሚቀይር ሁሉ በአንድ ቀን ይስታል።

እሱ፦ እሺ፣ ወደ ርዕሳችን። አሁን መዝገቡ ላይ ግንቦት 21ን ጻፍሽ?

እሷ፦ ቀን በሚለው አምድ ላይ አልጻፍኩም! እዚያ ወረቀቱ ያለውን «1944» ብቻ፣ እንዳለ። ግንቦት 21 ሌላ አምድ ላይ፣ «በስሌት የተገኘ» ተብሎ፣ ምንጩም ተጠቅሶ።

እሱ፦ እኔ አልስማማም። ሰው የሚፈልገው በቀን ነው። ያገኘሽውን ቀን ዋናው ቦታ ካላስገባሽው ማን ያገኘዋል?

እሷ፦ ነገ ሌላ ሰው የደመወዝ መዝገብ ቢያገኝና ሰኔ ቢልስ? የኔን ግምትና የጸሐፊውን ቀለም በምን ይለያል? ባዶውን ጃንዋሪ 1 እያሉ የሚሞሉትንስ አላየህም? ሻለቃው በሙሉ በአንድ ቀን የተቀጠረ ይመስላል።

እሱ፦ እሱ ልክ ነው፣ ያ ክፉ ነው። ግን ባዶም ክፉ ነው።

እሷ፦ ባዶ አላልኩም። ሁለት ወሰን ጻፍ፦ ከመቼ በፊት ሊሆን አይችልም፣ ከመቼ በኋላ ሊሆን አይችልም። «1944» ብቻ ካለ፣ ከሴፕቴምበር 12፣ 1951 እስከ ሴፕቴምበር 10፣ 1952። ስምንት ደምሮ 1952 ማለት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ያለውን ሁሉ ወደ ተሳሳተ ዓመት ይወረውራል። በወሰኑ ፈልግ፣ ታገኘዋለህ።

እሱ፦ ወሰኑን ተቀበልኩ። ግን በጎ ፈቃደኛ ልጆች አራት አምድ ይሞላሉ ብለሽ ነው? እኔ አሁንም ለእይታ አንድ ቀን ይውጣ ነው የምለው።

እሷ፦ ይውጣ፣ አጠገቡ «ግምት» ይጻፍበት። ያለዚያ አይወጣም።

እሱ፦ በትንሽ ፊደል?

እሷ፦ በትልቅ ፊደል! የሰው ሕይወት እኮ ነው። የሞተበትን ቀን ፈልጎ ተዝካር የሚያወጣ ቤተሰብ አለ።

እሱ፦ እሺ፣ በትልቁ። ጳጉሜንስ? የኔ ፕሮግራም 13ኛ ወር ሲያይ «ስህተት» ብሎ ይመልሰኛል።

እሷ፦ እሱንማ ሌላ ክፍል ያስፈልገናል፤ በሱ ላይ የምለው ብዙ አለኝ።