ለመውጣት ብላችሁ አትፈርሙ
(ክላርክስተን፣ ጆርጂያ፤ በዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

ሊቀመንበራችን «ስለ አዲሶቹ የወንጀል ሕጎች አሥር ደቂቃ ተናገር» ብለውኛል። ሕጎቹ ብዙ ናቸው፤ እኔን ያስመጣኝ ግን የዋስትናው ነገር ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ፍርድ ቤት እየሄድኩ እንደማስተረጉም አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ።

የጆርጂያ አገረ ገዥ ብራያን ኬምፕ ሜይ 1 ቀን 2024 ሴኔት ቢል 63 የሚባለውን ሕግ ፈረሙ። ገንዘብ ሳያስይዙ የማይወጣባቸው ወንጀሎች ዝርዝር ላይ 30 ተጨመሩ። ከነዚህ 18ቱ ሁልጊዜ ወይም አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ወንጀል የሚባሉ ናቸው። አንዱን ልንገራችሁ፤ በትራፊክ ቅጣት ቀጠሮ አለመቅረብ።

አንድ ልጃችን አለ። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ እዚህ ተቀምጣለች። ማታ ማታ በስልክ አፕ እየታዘዘ ምግብ ያደርሳል። የቀጠሮው ወረቀት ለቆት ወደወጣው አፓርትመንት ሄደ። አላየውም። አንድ ዓርብ ማታ «የኋላ መብራትህ አይሠራም» ተብሎ ቆመ። ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን ሲያየው የመያዣ ትዕዛዝ ወጥቶበታል። በቃ፣ ካቴና። ምግቡ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ስልኩ ይጮኻል፤ ያዘዘው ሰውዬ «የት ደረስክ?» ይላል። መኪናዋን ከነምግቡ ጎተቷት። ማክሰኞ ስናወጣት አራቱንም መስኮት ከፍተን ነው የነዳናት!

«1,500 ዶላር አስይዝ» ተባለ። የቤት ኪራይ ሰሞን ነው። ዋስ የሚሆን ኩባንያ ጋ ብንሄድ ከመቶ እስከ 15 ድረስ ይወስዳል፤ ልጁ ነፃ ቢወጣም ያ ገንዘብ አይመለስም። በዜል፣ በስልክ ገንዘብ በሚላክበት፣ እያዋጣን ሳለ ሰኞ ዕለት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርም፣ ዛሬውኑ ትወጣለህ እያሉኝ ነው። ልፈርም?»

ወገኖቼ፣ እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ቤቱ እያደረ፣ ጠበቃ ይዞ ይከራከራል። የሌለው ደግሞ ሥራው እንዳይሄድበት ብሎ ያላደረገውን «አደረግኩ» ይላል። እስኪፈረድባቸው ድረስ ሁለቱም በሕግ ፊት ንጹሕ ናቸው! አንዱ ግን የእስረኛ ልብስ ለብሶ ነው ንጹሕ የሆነው! የሕጉ ደጋፊዎች «ሕጉ ተበዳዮችን ይጠብቃል» ይሉናል። አደገኛ ሰው ይታሰር፣ ማን ተቃወመ? መብራቱ የጠፋበት ልጅ ግን ማንን ነው የሚያስፈራው? አደገኛውስ ቢሆን ገንዘብ ካለው ከፍሎ ይወጣ የለም እንዴ?

በ2018፣ ከኬምፕ በፊት አገረ ገዥ የነበሩት ናታን ዲል የፈረሙት ሕግ፣ በቀላል ወንጀል ዳኛው የተከሳሹን የመክፈል አቅም እንዲያይ አዘዘ። ዲልም ሪፐብሊካን፣ ኬምፕም ሪፐብሊካን። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ተመልሰን እዚያው!

በአዲሱ ሕግ ውስጥ ደግሞ እንደኛ እያዋጣ የሚኖረውን ሰው የሚነካ አለ። ማንም ሰው ወይም ድርጅት በዓመት ከሦስት በላይ የጥሬ ገንዘብ ዋስትና ማስያዝ አይችልም ይላል። ከዚያ በላይ የፈለገ እንደ ዋስትና ኩባንያ ይመዝገብ፣ የሸሪፉንም ይሁንታ ያግኝ። ይህን ክፍል አንድ የፌዴራል ዳኛ ሕጉ ሥራ ሊጀምር ሲል ለጊዜው አግደውት ነበር፤ ክርክሩ ወደ ይግባኝ ሄዷል። ስለዚህ ገንዘብ ያዣችን፣ ቼክ ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ይጠይቁ። ግን እስቲ አስቡት፤ አራተኛው ልጅ ሲታሰር «ኮታችን ሞልቷል» ልንለው ነው? ለቅሶ ላይ ኮታ አለን?

ወደ ፊርማው ልመለስ። ግሪን ካርድ ያላችሁ ስሙኝ። ጆርጂያ ውስጥ የቀላል ወንጀል ቅጣት ጣሪያው በአብዛኛው 12 ወር ነው። ለስርቆት 12 ወር ተፈርዶባችሁ ቅጣቱ ቢታገድ፣ አንድ ቀን ሳትታሰሩ እንኳ ኢሚግሬሽን እንደ ከባድ ወንጀል ቆጥሮ ሊያባርራችሁ ይችላል። 11 ወር ከ29 ቀን ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። የአንድ ቀን ልዩነት! «በፈርስት ኦፌንደር ጨርስ፣ ጥፋተኛ አትባልም» ቢሏችሁም፣ ማለትም ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ ሰው ፍርድ ሳይመዘገብበት በሚጨርስበት መንገድ፣ ያ ለጆርጂያ ነው፤ ኢሚግሬሽን ጥፋተኛ ይላችኋል። ጠበቃችሁ ይህን የመንገር ግዴታ አለበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በፓዲላ መዝገብ ወስኗል። ጠይቁት! አስተርጓሚም ጠይቁ። ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ ለችሎት አይበቃም።

ሀውስ ቢል 1105 የሚባልም አለ። እስር ቤቶች ከኢሚግሬሽን ጋር እንዲተባበሩ ያስገድዳል። ሰዓቴ ስላለቀ አልዘረዝረውም። አድራሻ የቀየራችሁ ግን በ60 ቀን ውስጥ ለመንጃ ፈቃድ ቢሮ አሳውቁ።

ልጁን «አትፈርም» አልኩት። ማክሰኞ ገንዘቡ ሞልቶ ወጣ። በኋላም ጠበቃው ወረቀቱ የተላከበትን አድራሻ አሳይቶ ክሱን አዘጋለት። ሥራውን ግን አፑ ዘግቶበታል።

በአጀንዳችን አራተኛ ተራ ላይ፣ ከዓመት መዋጮው ለጠበቃ ምክር የሚሆን ገንዘብ እንዲመደብ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። «ደንባችን ለሐዘን ብቻ ነው የሚለው» ያላችሁ አላችሁ። ደንቡን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ በድምፅ ያጸደቅነው እኛው ነን፤ ዛሬም ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። አራተኛው ተራ ሲደርስ እጃችሁን አውጡልኝ። አመሰግናለሁ።