እናቴን ያስደሰታት ቁጣ

ሰላም ለሁላችሁም። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው።

ባለፈው ስለ ታናሽ ወንድሜና ስለ ፖሊስ ከተናገርኩ በኋላ ብዙ ሰው ጽፎልኛል። አመሰግናለሁ። ደህና ነው። አሁንም ማታ ሲመጣ በረጅሙ መንገድ ዞሮ ነው የሚገባው፤ በአቋራጩ በኩል የፖሊስ መኪና ይቆማልና። ግን ደህና ነው። ዛሬ የማወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ስለ ፖለቲከኞች ቁጣ። እዚህ እስራኤል ውስጥ በእኛ ሰው፣ ከኢትዮጵያ በመጣነው ቤተ እስራኤላውያን ላይ፣ አንድ ነገር በደረሰ ቁጥር ካሜራ ፊት ቆመው ስለሚቆጡት ቁጣ። ከሲግድ፣ ከጾምና ጸሎት በዓላችን፣ ወዲህ ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

የደሙን ጉዳይ ታስታውሳላችሁ። በ1996፣ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ የእኛ ሰዎች የለገሱት ደም በምስጢር ሲጣል እንደነበር ጋዜጣ አወጣው። ኤች አይ ቪ ይኖርበታል በሚል ፍርሃት። ሰው ደሙን ሰጥቶ፣ ተመስግኖ፣ ሻይ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ደሙ ይጣላል። ሺዎች ኢየሩሳሌም ወጡ፤ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። መንግሥት ደነገጠ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይትዝሃክ ናቮን የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ።

ከዚያ 17 ዓመት አለፈ። ዲሴምበር 2013 ላይ የአገሪቱ የአምቡላንስና የደም አገልግሎት፣ የማጌን ዳቪድ አዶም፣ ሰዎች በፓርላማው በክኔሴት ውስጥ የደም መለገሻ አዘጋጁ። ፕኒና ታማኖ-ሻታ ልትሰጥ ሄደች። ያኔ የክኔሴት አባል ነበረች። በ3 ዓመቷ ነው ወደዚህ አገር የመጣችው። የአንቺን ደም አንወስድም አሏት፤ ኢትዮጵያ ስለተወለደች። ቪዲዮው ወጣ። የዚያን ቀን የተቆጣውን ሰው ብዛት! አፈ ጉባኤው የደም መለገሻውን ከግቢው አስወጣ። ፕሬዚዳንቱ ተቆጡ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተቆጡ። መመሪያው ግን በዚያ ቀን አልተለወጠም። እሱን ለመለወጥ ገና ዓመታት ፈጀ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ ፊርማ የሚበቃው መመሪያ ነበር። ፈራሚዎቹም የሚቆጡት ሰዎች ነበሩ። ለማን ነው የሚቆጡት?

እሺ። ሲግድ።

እናቴን ታውቋታላችሁ። ጠዋት ተነስታ ነጭ ለብሳ፣ ጾማ፣ ሲግድ የሚከበርበት ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃነጺቭ ድረስ ትሄዳለች። ሲግድ በ2008 በክኔሴት ሕግ ብሔራዊ በዓል ከሆነ ወዲህ ፖለቲከኞችም ይመጣሉ። እሷ ግን ያኔም አሁንም ለጸሎቱ ነው የምትሄደው። ቄሶቹ በጃንጥላቸው ሥር ቆመው ኦሪቱን ያነባሉ፣ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ይሰማል። ከዚያ የንግግሩ ሰዓት መጣ። አንድ ፖለቲከኛ ተነሳ። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችሁም ምርጫ በደረሰ ቁጥር ስለ እኛ ሲናገር ሰምታችሁታል።

በዕብራይስጥ ተናገረ። እኔ ጆሮዋ ላይ እተረጉማለሁ። ስለ ይሁዳ ቢያድግ ተናገረ፣ ስለ ሰለሞን ተካ ተናገረ። ሁለቱም የእኛ ወጣቶች ናቸው፤ በ2019 በፖሊስ ጥይት ነው የሞቱት። “አፍራለሁ” አለ። “በዚህ አገር ለዘረኝነት ቦታ የለም” አለ። ጠረጴዛውን መታ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ጨረሰ። ሰው አጨበጨበ። እናቴ እልል አለች። እናቴ! ከዚያ ወደ እኔ ዞራ “አንጀቴን አራሰው” አለችኝ። “ተቆጣልን እኮ። የሚቆጣልን ሰው አገኘን።”

ምን ብዬ ልመልስላት? ዝም አልኩ።

ደሞ እስቲ ልድገመው፤ ዋናውን ነገር ዘለልኩት። እናቴ ያን ቀን በቦርሳዋ ውስጥ የአክስቴን ወረቀቶች ይዛ ነበር። ኮፒያቸውን። የጎንደሯ አክስቴ፣ ታናሽ እህቷ። የዚህን ቤት የስልክ ወሬ የምትከታተሉ ታውቋታላችሁ። ወደ እስራኤል ለመምጣት ዓመታት ነው የምትጠብቀው። ልጆቿ እዚያው እየጠበቁ አድገው፣ እየጠበቁ ወልደዋል። እናቴ ያንን ሰውዬ አግኝታ ወረቀቱን በእጁ ልትሰጠው ነበር የመጣችው። ለዚያ ነው ከፊት ቦታ የያዝነው። ለዚያ ነው ቶሎ ቶሎ ተርጉሚልኝ ስትለኝ የነበረው። ሰውዬው ሲወርድ አጠገባችን አለፈ። እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ርቀት ላይ። እሷም ወረቀቱን አወጣች። አየችው። መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

“ምነው እማዬ?” አልኳት።

“ተይው ልጄ። ዛሬ ልቡ ተቃጥሏል። እንዴት ደሞ እኔ አስቸግረዋለሁ?”

ይሄን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። ቁጣው ከለከላት። ስለ እኛ ተቆጥቶ፣ ውለታ የዋለልን ያህል ተሰምቷት፣ የመጣችበትን ጉዳይ ለመጠየቅ አፈረች። እሱ ይሄን አያውቅም። ምናልባት ከልቡ ነው የተቆጣው። ከልቡ አይደለም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ከልቡ ከሆነ የባሰ ነው የሚመስለኝ... አይ፣ ይሄን በደንብ አላሰብኩትም።

ግን ስለ ጎንደር ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ኖቬምበር 2015 ላይ መንግሥት በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠብቁትን 9,000 ያህል ሰዎች በ5 ዓመት ውስጥ አመጣለሁ ብሎ ወሰነ። እናቴ ያን ቀን ጠላ ጠመቀች። ከወራት በኋላ በጀት የለም ተባለ። ከዚያ ምን ሆነ? ሁለት የክኔሴት አባላት፣ አብርሃም ንጉሤና ዳቪድ አምሳለም፣ ከጥምር መንግሥቱ ጋር ድምፅ አንሰጥም አሉ። የራሳቸው ፓርቲ ነው እኮ የሚገዛው። ያኔ ጥምረቱ ከ120 መቀመጫ 61 ብቻ ነበረው። ሁለት ሰው ከቀረ ሕግ ማሳለፍ አይችልም። ኤፕሪል 2016 ላይ ስምምነት ተደረሰ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ አረፉ።

ስለ ሁለቱ ሰዎች ፖለቲካ የምትሉትን ሁሉ በሉ፤ እኔም ብዙ የማልስማማበት አለ። አክስቴም በዚያ ዙር አልመጣችም። ግን እነዚያ ሰዎች ቁጣቸውን ድምፃቸው ላይ አደረጉት። ከራሳቸው አለቃ ጋር ተጣሉበት። በየቀኑ እስኪታክታቸው ድረስ አይሆንም አሉ። እኔ የማውቀው ልዩነት ይሄ ነው።

በ2015 የሆነውንም አስቡት። ሆሎን ላይ የእኛ ልጅ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ ልጅ፣ በፖሊስ ተደበደበ። ካሜራ ያዘው። እኔም ለሰልፉ ቴል አቪቭ፣ ራቢን አደባባይ ነበርኩ፤ የዚያን ቀን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደነገርኳችሁ ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ልጁን ቢሯቸው ጠርተው አቀፉት። ፎቶው በየጋዜጣው ወጣ። በፖሊሱ ላይ የተከፈተው የወንጀል ፋይል ግን ከሳምንታት በኋላ ተዘጋ። ፎቶውን አሁንም ሳየው ሆዴ ይረበሻል። ልጁን ማቀፋቸው ጥፋት አይደለም። ማን ቢያቅፈው ምን አለበት። ከእቅፉ በኋላ ያለው ነው።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ ግርግር የተገኘ ነገር አለ። በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሞ በ2016 ሪፖርት አወጣ። በኢትዮጵያውያን ላይ ዘረኝነት አለ ብሎ በመንግሥት ወረቀት ላይ ጻፈ። ብዙ ምክር ሰጠ፤ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሥራ። ለዚህ ብቻ የተመደበ ክፍልም በሚኒስቴሩ ውስጥ ተከፈተ። ቀላል ነገር አይደለም። ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ነው ግን እነ ይሁዳና እነ ሰለሞን የሞቱት።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ ልቤን የሚሞላው ጠበቃ የሚባለው ማኅበር ነው። የእኛ ልጆች፣ የሕግ ሰዎች። ፖሊስን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቆሙት። በ2021 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ፖሊስ ያለ በቂ ጥርጣሬ መንገደኛ አስቁሞ መታወቂያ አምጣ እያለ ማቆየት እንደማይችል ወሰነ። ማንም ጠረጴዛ አልመታም። ቁጭ ብለው ወረቀት ጻፉ፤ ጠበቁ፤ ተከራከሩ። ወንድሜ ይሄን ውሳኔ ያውቀዋል። እኔ ነኝ ያስነበብኩት። አሁንም በረጅሙ መንገድ ነው የሚመጣው። “ወረቀቱን ለፖሊሱ አንቺ ታነቢለታለሽ?” አለኝ።

እና እንግዲህ ቁጣ ዋጋ የለውም ልል አልችልም። ጠበቃዎቹም እኮ ተቆጥተው ነው። የ1996ቱ ሰልፍ፣ የ2015ቱ፣ የ2019ኙ ባይኖር ማን ኮሚቴ ያቋቁም ነበር? ደሞ እናቴ። እናቴ እዚህ አገር መጥታ የሰው ቢሮ ስታጸዳ፣ ስሟን በአንድ ቀን በዕብራይስጥ ሲቀይሩት፣ ማንም አልተቆጣላትም። አንድም ሰው። እኛም ልጆቿ አልተቆጣንም፤ ትንሽ ነበርን። አሁን በስተርጅና አንድ ትልቅ ሰው ሕዝብ ፊት ቆሞ ነውር ነው ሲል ብትሰማ ብትደሰት ምን ይገርማል? ያንን ደስታ ተነስቼ “እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ በጀቱ ለድምፅ ሲቀርብ የት ነበር?” ብዬ ልቀማት? መብቴ ነው? ግን ካልነገርኳትስ? በሚመጣው ዓመትም ታጨበጭብለታለች።

ወረቀቶቹን ደብቄ በኢሜይል ልላክለት ብዬ አስቤ ነበር። እሷ ግን በእጄ ነው የምሰጠው ትላለች። ሰው ለሰው ፊት ለፊት። ለእሷ ክብሩ እዚያ ላይ ነው። እሱ ደግሞ የሚመጣው በዓል ላይ ነው፤ በዓል ላይ ደግሞ ይቆጣል፤ ከተቆጣ ደግሞ እሷ...

ሌላም ነገር አለ። ተቃዋሚ ወንበር ላይ ሲሆኑ በጣም የሚቆጡት መንግሥት ሲገቡ ለምንድነው ድምፃቸው የሚለሰልሰው? በ2016 እነዚያ ሁለቱ ሥራ የሠሩት ውስጥ ሆነው ነው። ያኔ ቁጥሩ ጠባብ ስለነበር ብቻ ይሆን? 61 ባይሆን 70 ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማቸው ነበር? ይሄን ካሰብኩ ደሞ የተናገርኩት ሁሉ ይፈርስብኛል። ድምፅ ቢነፍጉም የማይጎዱት መንግሥት ሲሆን ምን ይደረጋል? ፍርድ ቤት? አክስቴን ፍርድ ቤት ያመጣታል? እሱንም ከአንድ የሕግ ሰው ጋር ላወራበት ነው፤ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ይመጣል ወይም አይመጣም። ካልመጣ እንግዲህ...