“ፍጹም” ብዬ የሸጥኩት ማጫወቻ

እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ ወጥታችሁ፣ ደክሟችሁም ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ ማስታወቂያ ትጽፋላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ሱቅ ቆማችሁ ትሸጣላችሁ። እኔም ሁለቱን ሠርቻለሁ። ዛሬ ስለ ፊልም ማጫወቻዎች ፉክክር፣ በፉክክሩ መሀልም ተደጋግመው ተደጋግመው ትርጉም ስላጡ ቃላት ላወራችሁ ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

በ2007 መጸው ላይ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር እሠራ ነበር። የማታ ፈረቃ ነበርኩ። በመደርደሪያው ጫፍ ሁለት ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። በአንዱ ሥር ኤችዲ ዲቪዲ፣ በሌላው ሥር ብሉሬይ። ሁለቱም ዲቪዲን ለመተካት የመጡ፣ ጥራታቸው ከፍ ያለ የፊልም ዲስክ ዓይነቶች፣ ማለትም ፎርማቶች ናቸው፤ የአንዱን ዲስክ የሌላው ማጫወቻ አያጫውትም። ሁለቱም ያው የባሕር ዳርቻ፣ ያው ወፍ፣ ያው የአበባ ቅጠል ላይ ያለች የውሃ ጠብታ ያሳያሉ። ከፊታቸው ደግሞ የመዳፍ ስፋት ያላቸው ካርዶች ተሰክተዋል። ሻጩ ሲጠየቅ ከዚያ ላይ ያነባል። በኤችዲ ዲቪዲው ካርድ ላይ በትልቁ የተጻፈው የፎርማቱ መፈክር ነበር፤ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ “የፍጹምነት መልክና ድምፅ” ማለት ነው።

አንድ ቀን ማታ የአገሬ ሰው መጡ። ብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ሰፈር ውስጥ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው አባት ናቸው። በበዓል ቤተ ዘመዱ እሳቸው ቤት ነው የሚሰበሰበው። ለዚያ የሚሆን ማጫወቻ ፈልገዋል። ሁለቱንም ስክሪን ረጋ ብለው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ ልዩነቱ ለዓይኔ አልታየኝም። የትኛው ነው የሚቆየው?”

“ጋሼ፣ ይሄኛውን ይውሰዱ፣ ፍጹም ነው” አልኳቸው።

አመኑኝ። ኤችዲ ዲቪዲውን ከፊልሞች ጋር ገዝተው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

በ2008 ጥር 4 ቀን የፊልም ስቱዲዮው ዋርነር ወደ ብሉሬይ ብቻ እንደሚዞር አስታወቀ። የካቲት 19 የኤችዲ ዲቪዲ ዋና አምራች ቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲን አቆምኩ አለ። ከዚያ ጋሼ ደወሉ። ቁጣ የለባቸውም። “አዲስ ፊልም አይወጣለትም ይላሉ፣ እውነት ነው እንዴ?” ብቻ ነው ያሉኝ። አዎ፣ እውነት ነው አልኳቸው። ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ።

ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው ያመመኝ ማጫወቻው መሞቱ አልነበረም። ያን ሰሞን የትኛው እንደሚያሸንፍ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አልነበረም። የቆጨኝ ጋሼ መልስ ያለው ጥያቄ ጠይቀውኝ፣ በመልሱ ቦታ ቃል መስጠቴ ነው። እኮ መልሱ ይታወቅ ነበር! በዚያ መጸው ፓራማውንትና ዩኒቨርሳል ፊልማቸውን በኤችዲ ዲቪዲ ያወጣሉ። ሶኒ፣ ዲዝኒና ፎክስ በብሉሬይ። ዋርነር በሁለቱም። “ጋሼ፣ የነዚህን ፊልም ይሄ አያጫውትም፣ የነዚያን ደግሞ ያኛው አያጫውትም፣ ማን እንደሚቀር ገና አልለየም፣ ቢታገሡ ይሻላል” ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። “ፍጹም” የምትለው ቃል ያንን አንድ ደቂቃ በላችብኝ።

ነገሩ በእኔ አልተጀመረም። ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

ሶኒ ቤታማክስ የተባለውን የቪዲዮ ካሴት ያወጣው በ1975 ነው። የመጀመሪያው ካሴት የሚይዘው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጄቪሲ የተባለው ኩባንያ ተፎካካሪውን ካሴት ቪኤችኤስን አመጣ፣ ሁለት ሰዓት የሚይዝ። ሙሉ ፊልም ማለት ነው። በ1977 አርሲኤ አሜሪካ ውስጥ የሸጠው ቪኤችኤስ ፍጥነቱን ቀንሶ አራት ሰዓት ይቀዳ ነበር፤ የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ሳይቆረጥ ይገባል። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ የሚቆጠር ነገር ነው። አንድ፣ ሁለት፣ አራት። ገዢው ቤቱ ገብቶ በሰዓት ሊለካው ይችላል። የቤታማክስ ምስል ይሻል ነበር የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አለ፣ ግን መጀመሪያ ላይ በሁለቱ መካከል የነበረው የጥራት ልዩነት ተራ ተመልካች ሳሎኑ ውስጥ የሚያየው አልነበረም። ቤታማክስም ሰዓቱን ለማስረዘም ሲል የካሴቱን ፍጥነት ሲቀንስ ያቺም ትንሽ ብልጫ ሳሳች።

የቃላቱ ጎርፍ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1983 ቤታማክስ “ሃይፋይ” አለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ማለቱ ነው፣ ቪኤችኤስም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ድምፁ በእርግጥ በጣም ተሻሽሎ ነበር፣ የሰማ ሰው ያውቃል። በ1985 ግን “ሱፐርቤታ” መጣ። ቪኤችኤስ በዚያው ዓመት “ኤችኪው” ብሎ መለሰ፣ ከፍተኛ ጥራት ማለቱ ነው። ይህን ምልክት ማጫወቻው ላይ ለመለጠፍ ፋብሪካው የታሰቡትን ማሻሻያዎች ሁሉ ማስገባት አይጠበቅበትም ነበር፣ የተወሰኑት ከገቡ ይበቃል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ምልክት የለጠፉ ሁለት ዴኮች በውስጣቸው አንድ አልነበሩም። ገዢው ሱቅ ቆሞ ይህን በምን ያውቃል?

“ሱፐር” ራሷ የሄደችበትን መንገድ ተመልከቱ። ሱፐርቤታ በ1985። ሱፐር ቪኤችኤስ በ1987። ዲቪዲ ገና ስሙ ሳይወጣለት ቶሺባና ዋርነር ያሉበት ወገን ዲስኩን “ሱፐር ዴንሲቲ” ብሎት ነበር፣ ሶኒና ፊሊፕስ ደግሞ የራሳቸውን ይዘው ቆመው ነበር፣ በ1995 የኮምፒውተር ኩባንያዎች አንድ ዲስክ ነው የምንፈልገው ብለው ሲይዟቸው ነው የተስማሙት። ከዚያ ደግሞ ሱፐር ቪሲዲ መጣ። ሱፐር ቪኤችኤስ በእውነት ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የተራው ቪኤችኤስ ምስል ጎን ለጎን ወደ 240 መስመር ሲለይ፣ እሱ ከ400 በላይ ይደርሳል። ሱፐርቤታ ግን ከቀዳሚው የተሻለው በጥቂቱ ነው። ቃሉ ለሁለቱም አንድ ነው። ትልቁን ዝላይና ትንሹን እርምጃ በአንድ ስም ስትጠራቸው፣ እውነተኛ ዝላይ የመጣ ቀን የሚሰማህ ሰው ታጣለህ።

“ዲጂታል” የምትለዋም እንዲሁ ናት፣ ይቺን እኛ በደንብ እናውቃታለን። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ተደጋግሞ የታየ ካሴት እያየን። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ባለቤቱ ተነስቶ ዴኩን ያስተካክላል። በኋላ ቪሲዲ ሲገባ፣ የአማርኛ ፊልሞችም በቪሲዲ ሲወጡ፣ ሁላችንም ከካሴት በብዙ የሚበልጥ መስሎን ነበር፣ ዲጂታል ነዋ! በእርግጥ መንቀጥቀጡ ቀረ፣ ካሴት መመለስም ቀረ። የምስሉ ዝርዝር ግን በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነበር፣ ከደህና ካሴት ብዙም የማይርቅ፤ እንቅስቃሴ ሲበዛ ደግሞ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይቆራረጣል። በሌላ በኩል ሌዘርዲስክ የሚባለው፣ ከ1978 ጀምሮ የተሸጠው የሸክላ ስፋት ያለው ዲስክ፣ ምስሉ አናሎግ ነበር፣ ከቪሲዲ ግን እጅግ ይሻላል። ዲጂታል ማለት እንዴት እንደተቀዳ ነው የሚነግርህ። ምን ያህል እንደሚያምር አይነግርህም።

ወደዚያ መደርደሪያ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የባሰችው ቃል ያለችው እዚያ ነው፤ “ፉል ኤችዲ 1080ፒ”።

የብሉሬይ ሻጮች ዋና መሣሪያ ይቺ ነበረች። በ2006 የወጣው የመጀመሪያው የቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ በ500 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፣ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚልከውም 1080አይ ነው። 1080 የምስሉ መስመሮች ቁጥር ነው። አይ ማለት ምስሉን ለሁለት ከፍሎ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጥሎ ተጋማሽ ቁጥር ያላቸውን መላክ ነው። ፒ ማለት ሁሉንም ባንዴ። ስለዚህ ደንበኛው “ያኛው ሙሉ ነው፣ ይሄኛው ግማሽ ነው” ብሎ ይመጣል። ሱቅ ውስጥም እንደዚያ ነበር የሚነገረው። እውነቱ ግን፣ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ስለሆነ በሁለቱም ዲስክ ላይ የሚቀመጠው ሙሉው ምስል ነው። ግማሽ ግማሹ ሲላክ ደህና ቴሌቪዥን መልሶ ይገጥመዋል፣ የጠፋ ነገር የለም። በዚያው ዓመት በ1000 ዶላር ገደማ የወጣው የሳምሰንግ የመጀመሪያ ብሉሬይ ማጫወቻ ደግሞ፣ 1080ፒ ይላክ እንጂ፣ ውስጡ መጀመሪያ 1080አይ አውጥቶ ነው መልሶ የሚገጥመው። ያ ብቻ አይደለም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ምስልን የሚያለሰልስ ማጣሪያ ክፍት ሆኖ ስለነበር ምስሉ ደብዘዝ ያለ ነበር። እጥፍ ዋጋ ከፍለህ “ሙሉውን” ስትገዛ የምታገኘው ይሄ ነበር።

የዲስኩም መጠን እንዲሁ። ኤችዲ ዲቪዲ እስከ 30 ጊጋባይት፣ ብሉሬይ እስከ 50። ትክክል ነው። ግን “እስከ” የምትለዋን ማንም ጮክ ብሎ አያነባትም ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የወጡት የብሉሬይ ፊልሞች ባለ 25 ነበሩ።

ብሉሬይን ለመውቀስ አይደለም። ብሉሬይ ጥሩ ፎርማት ነው፣ ቤቴ አለኝ። ያሸነፈውም በቃል አይደለም። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ የሶኒን የጌም ማጫወቻ ፕሌይስቴሽን 3 የገዛ ሁሉ ብሉሬይ ማጫወቻ ቤቱ ገባለት፣ ብዙዎቹ ስቱዲዮዎችም አብረውት ነበሩ። ሌላው ወገን የሞከረውም እንዲሁ የሚቆጠር ነገር ነው፤ በኅዳር 2007 ትልቁ የአሜሪካ መደብር ዎልማርት አንዱን የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ በ98 ዶላር ከ87 ሳንቲም ሲያወጣ ሰው ተሻምቶ ገዛው። ዋጋ ቁጥር ነው፣ ሰው ገባው። “ፍጹም” የሚለው መፈክር ለወራት ተለጥፎ ያን ያህል ሰው አላንቀሳቀሰም።

ቃል ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ በ2005 “ኤችዲ ሬዲ” የሚል ምልክት ወጣ፣ ምልክቱን ለመለጠፍ ስክሪኑ ቢያንስ 720 መስመር ሊኖረው ግድ ነበር። ሰው ከዚያም ተሳስቷል፣ ምልክቱን አይቶ ስርጭቱም አብሮ የሚመጣ የመሰለው ብዙ ነው፣ ቢሆንም ከጀርባው መለኪያ ነበረው። ሶኒ በ2001 ያወጣውን “ሱፐርቢት” የሚባል ዲቪዲም እወደዋለሁ። ተጨማሪ ቃለ መጠይቁን ምናምኑን ከዲስኩ ያወጡና ቦታውን በሙሉ ለፊልሙ ይሰጡታል። ይቺኛዋ “ሱፐር” ምን እንደተቀነሰ፣ ምን እንደተጨመረ ልትነግርህ ትችላለች።

ከዚያ በኋላም አልቆመም። ቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲን በተወበት በ2008 ተራ ዲቪዲን ወደ 1080ፒ የሚያጎላ ማጫወቻ አወጣ። ዲቪዲው ላይ ያለው እኮ አሜሪካ ውስጥ 480 መስመር ነው። ማጉላት ይቻላል፣ ያልተቀዳ ዝርዝር ማምጣት ግን አይቻልም። በ2013 ደግሞ “ማስተርድ ኢን 4ኬ” የሚሉ ብሉሬዮች ወጡ፣ ዲስኩ ውስጥ ያለው 1080ፒ ነው። ሣጥኑ ላይ የጎላው ግን ከዚያ አራት እጥፍ ነጥብ ያለውን ምስል የሚያመለክተው 4ኬ የሚለው ነው። ዛሬ ደግሞ የምስልን ብርሃንና ቀለም የሚመለከቱት ዶልቢ ቪዥን፣ ኤችዲአር10 ፕላስ። በእነዚህ ላይ ጊዜያችሁን አልወስድም፣ አብዛኞቻችሁ በየቀኑ የምትጽፏቸው ናቸው።

ለዚህ ነው የመጣሁት። ነገ ጠዋት አንዳችሁ ስለ አንድ ቴሌቪዥን ወይም ማጫወቻ ካርድ ትጽፋላችሁ። ካርዱን ደግሞ ምሽት ላይ የደከመው አንድ ልጅ አንስቶ ለአንድ አባት፣ ለአንዲት እናት ያነባል። ያ ሰው የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ይቆያል ወይ፣ ያሉኝን ዲስኮች ያጫውታል ወይ፣ ሲበላሽ የት ይሠራል፣ ያኛውን ብተወው ምን ይቀርብኛል። እባካችሁ መልሱ ካርዱ ላይ ይኑር። ቦታ ጠበበ ካላችሁ “ፍጹም”ን አውጡት።

ጋሼን ባለፈው በዓል ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ማጫወቻው ከቴሌቪዥኑ ሥር አለ። ተራ ዲቪዲ ያጫውታል፣ የልጆቻቸውን ሠርግ ያዩበታል። ያኔ የገዟቸው ኤችዲ ዲቪዲዎች ሣጥናቸው እንደተዘጋ ተደርድረዋል፣ አንዱ ጨርሶ አልተከፈተም። ቡና እየተፈላ “ልጄ፣ ያኔ አንተም አታውቅም ነበር” አሉኝ። አውቅ የነበረውንም አልነገርኳቸውም ነበር፣ ይህንኑ ነገርኳቸው።

ያቺን ካርድ መደብሩን ስለቅ ይዣት ወጥቻለሁ። ይቺውላችሁ። ወረፋ ይዛችሁ እዩዋት፣ እጅ ለእጅ አሳልፏት፣ የጋሼን ጥያቄ የምትመልስ አንድ መስመር ያገኘ ካለ እጁን አውጥቶ ያንብብልን።