ሮክ ያለበት ዕዳ

ውድ የሙዚቃ አፍቃሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሮክ ታሪክ ሲነሳ አብዛኛው ሰው ከኤልቪስ ፕሪስሊ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ቢትልስ ያልፋል፤ ሮሊንግ ስቶንስም ይከተላሉ። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ ዕዳ ልነግራችሁ ነው። ሮክን የወለዱት በአሜሪካ ደቡብ፣ በጥጥ እርሻና በቤተ ክርስቲያን መካከል ያደጉ ጥቁር ሙዚቀኞች ናቸው። ከገንዘቡና ከዝናው ትልቁን ድርሻ የወሰዱት ሌሎች ናቸው። ይህን ካላወቅን ሮክ ለምን በየአገሩ ሰው እንዳነሳሳ አይገባንም። ያ ሙዚቃ ገና ሲወለድ ጀምሮ ዝም በሉ የተባሉ ሰዎች ድምፅ ነበር።

በማርች 1951 አንድ የወጣቶች ባንድ ከሚሲሲፒ ተነስቶ ወደ ሜምፊስ ከተማ ይጓዝ ነበር። መሪው አይክ ተርነር ነው፤ ያኔ ገና 19 ዓመቱ። የሚሄዱት ሳም ፊሊፕስ የሚባል ሰው ወደከፈተው ትንሽ ስቱዲዮ ነው። መንገድ ላይ የጊታሪስቱ አምፕሊፋየር ተበላሸ። ከመኪናው ላይ ወድቆ ነው የሚሉ አሉ፤ ዝናብ ገብቶበት ነው የሚሉም አሉ። ፊሊፕስ የተጎዳውን ስፒከር ወረቀት ጠቅጥቆ እንደነገሩ ጠገነው። ሲሰካ የወጣው ድምፅ ሻካራ ነበር፤ ይነዝራል፣ ያጉረመርማል። ፊሊፕስ ግን ወደደው። ሳይደብቅ፣ ጎላ አድርጎ ቀዳው። ዘፈኑ "ሮኬት 88" ይባላል። የመጀመሪያው የሮክ ሸክላ ይኸው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። በዚህ ክርክር ውስጥ መግባት አልፈልግም። ሙዚቃ በአንድ ቀን አይወለድም። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ጊታሪስቶች ያንን የተበላሸ ድምፅ ለማግኘት በገንዘባቸው መሣሪያ ይገዛሉ።

ኤሌክትሪክ ጊታር ምን እንደለወጠ በአጭሩ ልንገራችሁ። ቀድሞ ጊታር ከመለከትና ከድራም ጋር ሲጫወት ድምፁ ይዋጥ ነበር። አዳራሽ ለመሙላት አሥር፣ አሥራ አምስት ሰው ያለው ኦርኬስትራ ያስፈልጋል። ከክሮቹ ሥር ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ሲገጠም፣ ድምፁም በኤሌክትሪክ ሲጎላ፣ አራት ሰው በቂ ሆነ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊዮ ፌንደር የሚባል የሬዲዮ ጠጋኝ በ1950 በፋብሪካ በብዛት የሚመረት፣ ገላው ውስጡ ባዶ ያልሆነ ድፍን እንጨት የሆነ ኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ አወጣ። ፌንደር ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ግን የእሱ ጊታር ቢበላሽ በቀላሉ ተፈትቶ ይጠገናል። በዚህ የተነሳ የሠፈር ልጆች ተሰባስበው ባንድ መመሥረት ቻሉ።

አሁን ስለ አንዲት ሴት በደንብ ላውራ። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ትባላለች። በ1915 በአርካንሶ ግዛት፣ ኮተን ፕላንት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። እናቷ ወንጌል ሰባኪ ነበረች። ሮዜታ ገና በሕፃንነቷ ጊታር ይዛ በጉባኤ ፊት ትዘምር ነበር። ያደገችበት ቤተ ክርስቲያን ጭብጨባና ምት የሞላበት ነው። ሰው ቁጭ ብሎ አያዳምጥም፤ ይነሳል፣ ይዘላል። በኋላ ሮክ የሚባለው ነገር ጉልበቱን ያገኘው ከዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ1938 ኒው ዮርክ ውስጥ መዝሙሮቿን በሸክላ አስቀዳች። በዚያው ዓመት ኮተን ክለብ በተባለው ዝነኛ የምሽት ክበብ መድረክ ላይ ወጣች። ብዙ ምዕመናን ተቆጡ። መዝሙር እንዴት ከመጠጥ ጋር? አሏት። እሷ ግን ሁለቱንም ዓለም አልተወችም። በ1945 ከመዝሙሮቿ አንዱ በጥቁሮች ሙዚቃ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ኤሌክትሪክ ጊታር ስትጫወት ያየ ሰው ዓይኑን መንቀል አይችልም ነበር። በ1947 ጆርጂያ ውስጥ አንድ ልጅ ሲዘፍን ሰማችና መድረክ ላይ ጠራችው። ያ ልጅ በኋላ ሊትል ሪቻርድ ተብሎ ዓለምን አናወጠ። ታዋቂው የካንትሪ ዘፋኝ ጆኒ ካሽም እንደሚወዳት ሳይደብቅ ተናግሯል። በ1951 ዋሽንግተን ከተማ፣ አንድ ስታዲየም ውስጥ ሠርጓን ደገሰች። ከሃያ ሺህ የማያንስ ሰው ትኬት ቆርጦ ገባ። ከቃል ኪዳኑ በኋላ የሠርግ ልብሷን እንደለበሰች ጊታሯን አንስታ ተጫወተች።

በ1964 ደግሞ እንግሊዝ፣ ማንቸስተር ሄደች። አንድ የቴሌቪዥን ድርጅት ባቡር በማይቆምበት አሮጌ ጣቢያ ዝግጅት አሰናድቶ ነበር። ዘነበ። ታዳሚው ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ ተቀምጧል። እሷ ካፖርቷን ለብሳ፣ ነጭ ጊታሯን አንግታ፣ በዝናቡ ስለ ዝናብ ዘመረች። ቪዲዮው ዛሬም አለ። ያላያችሁት ካላችሁ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ እዩት፤ አደራ።

በ1973 አረፈች። ፊላደልፊያ ተቀበረች፤ መቃብሯ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን ተሸላሚዎች የመረጠው በ1986 ነው። ከእነሱ መካከል አንዲትም ሴት አልነበረችም። ታርፕ የገባችው በ2018 ነው። 32 ዓመት! ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር ያናድደኛል።

እሷ ብቻ ብትሆን እንደ አጋጣሚ እናልፈው ነበር። ኤልቪስ በ1954 ስሙን ያስጠራበትን የመጀመሪያ ዘፈን አርተር ክሩዳፕ የሚባል የሚሲሲፒ ሰው፣ ሮክ የበቀለበትን ብሉዝ የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ተጫዋች፣ ቀድሞ በ1946 ቀድቶታል። ክሩዳፕ ከዘፈኖቹ የሚገባውን ሳያገኝ በ1974 በድህነት ሞተ። ቢግ ማማ ቶርንተን "ሀውንድ ዶግ"ን ከኤልቪስ በፊት ዘፍናዋለች። በጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቶላት ነበር፤ ያገኘችበት ግን 500 ዶላር ብቻ እንደሆነ ተናግራለች። ጥቁሩ ጊታሪስትና ዘፋኝ ቸክ ቤሪ በ1955 የመጀመሪያ ሸክላው ሲወጣ በደራሲዎቹ ዝርዝር ላይ ያላሰበውን ስም አየ። አለን ፍሪድ ይላል። ፍሪድ ይህን ሙዚቃ በሬዲዮ "ሮክ ኤንድ ሮል" እያለ ያስተዋወቀ ታዋቂ ዲጄ ነው፤ ቃልም ዜማም ግን አልጻፈም። ስሙ እዚያ የገባው ዘፈኑን ደጋግሞ እንዲያሰማ ነበር። የተሰረዘው በ1986 ነው።

ቸክ ቤሪን ካነሳሁ አይቀር፣ በ1977 ናሳ ወደ ጠፈር በላካቸው የቮየጀር መንኮራኩሮች ላይ ከባክና ከቤትሆቨን ጋር የእሱ ዘፈን አብሮ ተጭኗል። ዛሬም ከፀሐይ እየራቀ ነው።

ኤልቪስን ሌባ ልለው አይደለም። ያንን ሙዚቃ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶ ወዶታል። ሌባው ሥርዓቱ ነበር። ሬዲዮው፣ ትኬት ቢሮው፣ የሸክላ ኩባንያው፣ ሁሉም በቀለም የተከፈለ ነበር። ጥቁሩ የዘፈነውን ነጩ ደግሞ ሲዘፍነው ብቻ ነው ትልቁ ገበያ የሚከፈተው።

ከውቅያኖስ ማዶ፣ በብሪታንያ ያሉት ልጆች ደግሞ ሸክላውን ከሩቅ አግኝተው ሙጥኝ አሉ። ሮሊንግ ስቶንስ ስማቸውን የወሰዱት ከጥቁሩ የብሉዝ ዘፋኝ ከመዲ ዋተርስ ዘፈን ነው። በ1965 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲጋብዛቸው ሌላው የብሉዝ ዘፋኝ ሀውሊን ዎልፍም አብሮ ይቅረብልን ብለው ጠየቁ። እሱ ሲዘፍን እግሩ ሥር ተቀምጠው አዳመጡ። ይህን ሥራቸውን ሁሌም አከብረዋለሁ። ቢትልስም ቢሆኑ በፌብሩዋሪ 1964 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በኤድ ሰሊቫን ዝግጅት ላይ 73 ሚሊዮን ሰው ካያቸው በኋላ የፈለጉትን ማዘዝ ይችሉ ነበር። ያንን አቅም በአንድ ነገር ተጠቀሙበት። በሴፕቴምበር፣ ጃክሰንቪል ፍሎሪዳ፣ ታዳሚው በቀለም ተለያይቶ ከተቀመጠ አንጫወትም አሉ። ታዳሚው ሳይለያይ ተቀመጠ።

ውለታውን የረሳም አለ። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን በብሉዝ ነው ያደገው፤ በ1974 በቦብ ማርሊ ዘፈን ትልቅ ስኬት አገኘ። በ1976 በርሚንግሃም መድረክ ላይ ቆሞ ጥቁሮችና ስደተኞች ከብሪታንያ ይውጡ ብሎ ጮኸ። የተቆጡ ሰዎች ለሙዚቃ ጋዜጦች ደብዳቤ ጻፉ፤ ከዚያ ዘረኝነትን በሮክ የሚቃወም ንቅናቄ ተወለደ። በ1978 ለንደን ውስጥ ፓንክና ሬጌ ባንዶች በአንድ መድረክ ሲጫወቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት በሰልፍ መጣ። ለእኔ ከሮክ ምርጥ ቀናት አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ ያ ድምፅ ድንበር ሲሻገር የሆነውን ተመልከቱ። በሶቪየት ኅብረት የምዕራብ ሙዚቃ ሸክላ እንደልብ አይገኝም ነበር። ሰዎች ከሆስፒታል የተጣለ የራጅ ፊልም እየሰበሰቡ፣ በክብ እየቆረጡ፣ መሐሉን በሲጋራ እየበሱ ሙዚቃ ቀዱበት። የጎድን አጥንት ምስል ላይ የተቀዳ ዘፈን! ያም በድብቅ ይሸጣል። በኋላ ደግሞ ሌኒንግራድ ውስጥ ቪክቶር ጾይ የሚባል ልጅ መጣ፤ በማሞቂያ ክፍል ከሰል እየጨመረ ዘፈን ይጽፍ ነበር። በ1990 በመኪና አደጋ በ28 ዓመቱ ሞተ። ለውጥ እንፈልጋለን የሚለውን ዘፈኑን በ2020 በቤላሩስ ዋና ከተማ ሚንስክ ውስጥ ሰልፈኞች ሲዘፍኑት ነበር። አብዛኞቹ ወጣቶች እሱ ሲሞት ገና አልተወለዱም።

የፕራጉ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይገርማል። የሶቪየት ታንኮች በኦገስት 1968 ቼኮዝሎቫኪያ ገቡ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፕላስቲክ ፒፕል ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ የሚባል ባንድ ተመሠረተ። ፖለቲካ አልዘፈኑም። የፈለጉትን ዓይነት ሙዚቃ መጫወት ነው የፈለጉት። መንግሥት ፈቃዳቸውን ነጠቀ። እነሱ በገጠር ጎተራ፣ በወዳጅ ሠርግ ላይ መጫወት ቀጠሉ። በ1976 ታሰሩ፤ ሰላም በማደፍረስ ተከሰው ተፈረደባቸው። ተውኔት ጸሐፊው ቫስላቭ ሃቬል ችሎቱን ተከታተለ። እነዚህ ልጆች ሙዚቃ በመጫወታቸው ከታሰሩ ነገ ማንም ይታሰራል ብሎ አሰበ። በጃንዋሪ 1977 ከጓደኞቹ ጋር ቻርተር 77 የተባለውን የመብት ጥያቄ አወጣ። በዲሴምበር 1989 ሃቬል የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። የኮሚኒስት ሥርዓቱን ሮክ ብቻውን ጣለው አልልም፤ ኢኮኖሚውም፣ ሠራተኛውም፣ የጎረቤት አገሮች ለውጥም አለበት። ግን የትግሉ አንድ ክር ከዚያ ጎተራ ይነሳል።

የማሊውን ኢብራሂም አግ አልሀቢብን ደግሞ አስቡት። በሰሃራ በረሃ ከሚኖረው ከቱዋሬግ ሕዝብ ነው። በ1963 በቱዋሬጎች አመፅ ጊዜ የመንግሥት ኃይሎች አባቱን ገደሉበት፤ በስደት አደገ። የመጀመሪያ ጊታሩን ከቆርቆሮ፣ ከእንጨትና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ሠራ። የመሠረተው ባንድ ቲናሪዌን ነው። ዘፈኖቻቸው በካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዱ ሰሃራን አቋረጡ። በ2012 ግራሚ ተሸለሙ። አጨዋወታቸውን የሚሰማ ሰው ብሉዝን ይሰማል። ብሉዝ ከምዕራብ አፍሪካ በባሪያ መርከብ የሄደ ሥር ስላለው ሙዚቃው ዞሮ ቤቱ የገባ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ወደ ዛምቢያ እንሂድ። ከነፃነት በኋላ የመዳብ ማዕድን ከተሞች ውስጥ ወጣቶች ኤሌክትሪክ ጊታር አነሱ። ፕሬዚዳንት ካውንዳ በሬዲዮ ከሚሰማው ሙዚቃ 95 በመቶው የአገር ውስጥ ይሁን ብለው አዘዙ። ሻካራ ጊታርና የአገራቸው ምት ተዋሕደው ዛምሮክ ተወለደ። ከባንዶቹ ዊች የተባለው ይበልጥ ይታወቃል። ድምፃዊው ኢማኑኤል ቻንዳ ነው፤ ከሚክ ጃገር ጋር ስላመሳሰሉት ሰዎች ጃጋሪ አሉት። የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ ገንዘቡ ጠፋ፣ ክለቦቹ ተዘጉ። በኋላ ኤድስ ብዙዎቹን ሙዚቀኞች ቀጠፈ። ቻንዳ ተረፈ። የከበሩ ድንጋዮች እየቆፈረ ኖረ። ሙዚቃቸው በ2010ሮቹ እንደገና ሲታተም የሌላ አገር ወጣቶች ፈልገው አገኙት። ባንዱን ከአዳዲስ ልጆች ጋር መልሶ አቋቋመ፤ አውሮፓና አሜሪካ ዞረው ተጫወቱ። በ2023 "ዛንጎ" የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። ለክሩዳፕና ለታርፕ በሕይወት ሳሉ ያልደረሰላቸው ነገር ለቻንዳ ደርሷል፤ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ገንዘቡ ለራሱ ገብቶ፣ በስሙ ተጠርቶ እየዘፈነ ነው።

አመሰግናለሁ።