ይሄ ሲቪ የስንት ሰው ነው?

እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ፍለጋ አንድ ቢሮ ገብቼ ነበር። ጠያቂዋ ሲቪዬን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ ሲቪ የስንት ሰው ነው?» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። እውነታቸውን ነው እኮ! ሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ ሦስት ዓመት የሠርግ ቪዲዮ፣ ትንሽ ሒሳብ፣ ትንሽ ትርጉም፣ አሁን ደግሞ ማይክ ፊት ተቀምጦ ማውራት።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «ታዲያ ባለሙያ ነሃ!» አለችኝ። ቃሏን ያኔ ነው ያስተዋልኳት። ቢሮ ውስጥ ባለሙያ ማለት አንድ ነገር ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው፤ የግዥ ባለሙያ፣ የመስኖ ባለሙያ። እናቴ ሰፈር ግን ባለሙያ የምትባለው ወጡንም፣ ጠላውንም፣ ፈትሉንም፣ ስፌቱንም የምትችል ሴት ናት። ዶሮ ወጥ ብቻ የምትችል፣ እንጀራዋ ዓይን የሌለው... ተዉት፣ ሐሜት ውስጥ እንዳንገባ።

አንድ ቀን ሙሉ በእናቴ ቃል ኮራሁ። ከዚያ አያቴ ትዝ አሉኝ።

አያቴ የድጓ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መጽሐፍ፣ መምህር ነበሩ። የቤተ ክህነቱን ትምህርት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ለየትምህርቱ አገር አለው። ለድጓ ጋይንት፣ ቤተልሔም ይኬዳል። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅዳሴ ደብረ ዓባይ፣ ለቅኔ ጎጃም፣ ዋሸራ። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ዓመታት ይፈጃል። የድጓው ተማሪ በመጨረሻ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፣ ማለትም ለመምህርነት መብቃቱን ያረጋግጣል። አያቴ ዘንድ፣ ሳያስመሰክር ወንበር ዘርግቶ ማስተማር የጀመረ ሰው ድምፁ ቢያምርም ያው ድምፁ ያማረ ሰው ነው።

ቅኔ የጠየቃቸውን ሰው «እሱን የቅኔ መምህሩን ጠይቅ» ነበር የሚሉት። ምንም ሳያፍሩ። እኔ «አላውቅም» ማለት ሞት ይመስለኛል።

ግን ያው ቤት ነው «አራት ዓይና» የሚል ስም ያወጣው። የብሉዩን፣ የሐዲሱን፣ የሊቃውንቱንና የመነኮሳቱን ትርጓሜ የጨረሰ መምህር ማለት ነው። ልጅ ሆኜ የእውነት አራት ዓይን ያለው ሰው ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያ ሰው ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው የሄደው ሰልችቶት አይደለም፣ ጨርሶ ነው። እኔ ኤሌክትሪኩን የተውኩት ስሪ ፌዝ፣ ባለ ሦስት መስመሩ ኤሌክትሪክ፣ ላይ ስንደርስ ነው። ቪዲዮውን የተውኩት ከለር ማስተካከል ሲከብደኝ። በየቤቱ ፊደል ቆጥሬ ወጣሁ።

ራሴን እንዲህ እየወቀስኩ ሳለ ደግሞ አንድ ሠርግ ትዝ አለኝ። ኬኩ ሊቆረስ ሲል የአዳራሹ መብራት ድርግም አለ። ዲጄው ይጮኻል፣ ሚዜዎቹ ስልካቸውን ያበራሉ። ካሜራዬን ለረዳቴ ሰጥቼ፣ የብሬከሩን ሳጥን ከፍቼ፣ የላላች ሽቦ አገኘሁና አጠበቅኩ። እልልታው! ጎበዝ ኤሌክትሪሻን አልነበርኩም፣ ጎበዝ ካሜራማንም አልነበርኩም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ሁለቱንም በመጠኑ የሚችል ከእኔ በቀር አልነበረም። አስመስክረሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም።

ሴትዮዋ ትናንት ደወሉ። ያመለከትኩበት ሥራ ለሌላ ሰው ሆኗል፤ «ሁለገብ ሠራተኛ» የሚል መደብ ግን አለ፣ ደሞዙ ዝቅ ያለ ነው አሉኝ። እስከ ሰኞ ላስብበት ብያቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት የድሮ የኤሌክትሪክ ደብተሬን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ስሪ ፌዝ የሚለው ገጽ ላይ ሻይ ፈሶበታል፤ ግማሹ ይነበባል።